«አገርሽ ወይስ ዲንሽ?» ተብላ ለተጠየቀች ተማሪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳብቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር እንባዬ ይመጣ ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ግቢ በገባሁ ዓመት፣ የቡድን ሥራ እየሠራን አንድ ልጅ ድንገት ‹ለመሆኑ አንቺ መጀመሪያ የዚህ አገር ሰው ነሽ ወይስ ሙስሊም?› አለኝ። ሌላ ማንንም አልጠየቀም። ‹ሙስሊም› አልኩት። ሁሉም ዝም አለ። አንዷ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ስለ አገር በተወራ ቁጥር ሁሉም እኔን የሚያይ ይመስለኛል።

ቀስ በቀስ ጊዜዬን ሁሉ ከጀመዓችን፣ አብረውኝ ከሚሰግዱት እህቶች ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ። እዚያ ሰላም አለኝ። ባለፈው ግን ብሔራዊ ቡድናችን ሲያሸንፍ ስታተሴ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ለጠፍኩ። አንዷ እህት ‹ይሄ እኮ ዐሰቢያ (በዲን የተነቀፈ ወገንተኝነት) ነው፤ የኛ አገር ዲናችን ነው› ብላ ጻፈችልኝ። ወዲያው አጠፋሁት። አሁን ኳስ የማየው ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። እዚህም እዚያም ውሸታም የሆንኩ ይመስለኛል። ቤት ስደውል እናቴ እንደ ወትሮዋ ‹አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ አንቺንም በሰላም ይመልስልኝ› ትለኛለች። አሚን እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሆድ ይብሰኛል። እንቅልፍም እያጣሁ ነው። አገሬን መውደድ አቁሜ ይሆን? ሙናፊቅ ሆኛለሁ? ምንድን ነው እንዲህ የለወጠኝ?

ባለ ሁለት ልብ ነኝ።»

ወዐለይኪ ሰላም እህቴ።

ከመሀለኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ፈትዋ (የሃይማኖት ብይን) የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ለዚያ ባለቤት አለው። ግን ሙናፊቅ ማለት ውስጡ የሌለውን እምነት ለጥቅም ብሎ ከላይ የሚያሳይ ሰው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ያንቺ ነገር ተገልብጧል። ውስጥሽ ያለውን ነው የደበቅሽው፤ ያውም በብርድ ልብስ። በጆሮ ማዳመጫ ኳስ የሚሰማ ሙናፊቅ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህችን ቃል ከራስሽ ላይ አንሺያት።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እንምጣ። እኔን ያናደደኝ ያንቺ መልስ አይደለም፤ ጥያቄው ነው።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ ጥያቄ ለአሜሪካ ሙስሊሞች አቅርቦ ነበር። 49 በመቶው «መጀመሪያ ሙስሊም ነኝ» አሉ። 26 በመቶው «መጀመሪያ አሜሪካዊ ነኝ» አሉ። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር ሰው ቅንድቡን ያነሳል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ክርስቲያኖችም ተጠይቀው ነበር፤ 46 በመቶው «መጀመሪያ ክርስቲያን» ሲሉ ልክ 46 በመቶው «መጀመሪያ አሜሪካዊ» አሉ። ነጮቹን ወንጌላውያን ብቻ ነጥለሽ ብታይ ደግሞ ሃይማኖታቸውን ያስቀደሙት 70 በመቶ ነበሩ። እነሱን ግን «ለአገራችሁ ታማኝ ናችሁ ወይ?» ብሎ የሚያፋጥጣቸው የለም። ሃይማኖቱን ከምር የያዘ ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ አምላኩን ማስቀደሙ የተለመደ ነው። አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው። «አገሬን አልወድም» አላልሽም። ልጁም አልጠየቀሽም።

ጥያቄውን የሚያበላሸው «መጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ናት። «መጀመሪያ» ያለበት ጥያቄ ሁሉ ውድድር ነው። «እናትሽን ነው አባትሽን የምትወጂው?» እያሉ ልጆችን የሚያስለቅሱ ትልልቅ ሰዎች አሉ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ሳያወዳድሩ ሲጠይቁ መልሱ ሌላ ይሆናል። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሉፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የብሪታንያ ሙስሊሞችን «ከአገራችሁ ጋር ያላችሁ ትስስር ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ብሎ ጠይቋቸዋል። 77 በመቶው በጣም ጠንካራ ነው አሉ። ከጠቅላላው የአገሪቱ ሕዝብ እንዲህ ያለው ግን 50 በመቶው ብቻ ነበር። ከእነዚያው ሙስሊሞች አብዛኞቹ ከሃይማኖታቸው ጋር ያላቸውም ትስስር ጠንካራ ነበር። አንዱ ሲሞላ ሌላው የሚጎድል ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ታዲያ ምንድን ነው የለወጠሽ? እውነቴን ልንገርሽ፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ዲንሽ ከአገርሽ ያራቀሽበትን ቦታ አላገኘሁም። ያገኘሁት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጥያቄ ነው። «ሌላ ማንንም አልጠየቀም» ብለሻል። ቁስሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎች ለዚህ ስም አላቸው፤ የማንነት መነፈግ ይሉታል። ሰውየው የራሱ በሆነ ቡድን ውስጥ ተቀምጦ እንደ እንግዳ ሲታይ ማለት ነው። ሳፕና ቸሪያን እና ቤኖዋ ሞናን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሥራ አለ። የእስያ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ተማሪዎች ያጠኑበት ነው። አንዳንዶቹ ወደ ክፍሉ ሲገቡ «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ተባሉ። አሜሪካውያን ናቸው እኮ! ከዚያ የ1980ዎቹን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞች እንዲዘረዝሩ ተደረገ። ያ ጥያቄ የቀረበላቸው ካልቀረበላቸው ይልቅ ብዙ ፕሮግራም ጻፉ። ማንም «አሜሪካዊ መሆንህን አረጋግጥ» አላላቸውም። እጃቸው ግን ማረጋገጫ ይጽፍ ነበር።

ይህን ሳነብ የሳቅኩት ብቻዬን ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ስም ሲጠራ ስሜ ላይ ቆመና «ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ። የተወለድኩበትን ነገርኩት። «አይ፣ ከመነሻው ማለቴ ነው» አለ። ያንን ሴሚስተር ሙሉ የአገሬን ወንዞች ስም ከነገባሮቻቸው በቃሌ ስሸመድድ አሳለፍኩ። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።

አንዳንዱ ሰው እንደኔ ወንዝ ይቆጥራል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳንቺ ቀስ ብሎ ይወጣል። «ካልፈለጋችሁኝ እኔም አልፈልጋችሁም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ እግሩ ግን ይለዋል። ማይከል ፈርከይተን እና አሊ አስላን ዪልዲዝ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ የሚኖሩ የቱርክ ዝርያ ያላቸው ሙስሊሞችን አጥንተዋል። አገሬው እንደሚገፋቸው ይበልጥ የሚሰማቸው ሰዎች ከሙስሊምነታቸው ጋር ያላቸው ትስስር የጠነከረ፣ ከአገሪቱ ጋር ያላቸው ደግሞ የላላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ኒላ ብራንስኮም እና ባልደረቦቿ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር። መገፋት ይጎዳል፤ የተገፋ ሰው ወደ ወገኖቹ ሲጠጋ ደግሞ ጉዳቱ ይቀልለታል። (እንዲህ ያሉ ጥናቶች የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ለይተው አይነግሩሽም። ምናልባትም ወደ ወገኑ የተጠጋ ሰው መገፋቱን ቶሎ ያያል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ያንቺ ታሪክ ግን የትኛው እንደቀደመ በግልጽ ይናገራል።)

እንዳትሳሳቺ፤ ጀመዓሽን እየነቀፍኩ አይደለም። እዚያ ያገኘሽው ሰላም እውነተኛ ነው። ከቤተሰብ ርቀሽ ሰላትሽን አብሮሽ የሚሰግድ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። እዚያ የገባሽው ወደ አንድ ነገር ስትሄጂ ነው ወይስ ከአንድ ነገር ስትሸሺ? ሁለቱም ጥሩ ምክንያት ነው። ዝናብ ሲመጣ የሚጠለል ሰው ጥፋት የለበትም። ልዩነቱ የሚታየው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ለዲኑ የገባ ይቆያል። ለመጠለል የገባ ግን ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ሁሉ ያሳስበዋል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እንዳያስወጡትም ይፈራል። ስታተሱን ወዲያው ያጠፋሽው የልጅቷ ማስረጃ ስላሳመነሽ ነው ወይስ ይህንንም ቤት እንዳታጪ ፈርተሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

ዕድሜሽንም አትርሺ። የሥነ ልቦና ሰው የነበረው ኤሪክ ኤሪክሰን የወጣትነት ዋና ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን መመለስ ነው ይል ነበር። ጄምስ ማርሺያ የተባለ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ሐሳቡን ወደ ተማሪዎች ወስዶ ዘረዘረው። ከቤተሰቡ የተቀበለውን ማንነት ሳይመረምር እንደያዘ የሚኖር አለ። ጉዳዩ የማያሳስበውም አለ። መርምሮ የራሱን የያዘ አለ። ከእነዚህ መሀል ደግሞ ገና እየመረመረ ያለ፣ ያልወሰነ፣ ሆዱን ባር ባር የሚለው ሰው አለ። ማርሺያ ይህንን የመጨረሻውን እንደ በሽታ አላየውም፤ ማንነቱን በራሱ መርምሮ የሚይዝ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ትምህርት ቤት እያለሽ ያለቀስሽው እንባ እውነት ነበር፤ ግን የተሰጠሽ ነበር። አሁን ያንኑ ፍቅር በራስሽ እጅ እያገላበጥሽ ነው። ሲያገላብጡት የጠፋ ይመስላል።

ዩኒቨርሲቲ ሰው መለወጡም አዲስ ነገር አይደለም። ቴዎዶር ኒውኮም በ1930ዎቹ ቤኒንግተን በሚባል የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ከሀብታም፣ ወግ አጥባቂ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። አስተማሪዎቹ ግን ለዘብተኛና ለውጥ ፈላጊ ነበሩ። ልጆቹ በዓመታት ውስጥ የፖለቲካ አመለካከታቸው ወደ አስተማሪዎቹ አዘነበለ። ሁሉም ግን አልተለወጡም። ኒውኮም ልዩነቱን ሲፈልግ ያገኘው የክርክር ጥራት አይደለም። ዋናው ጉዳይ ልጅቷ በማን ዓይን ጥሩ ሆና መታየት እንደምትፈልግ ነበር። በኮሌጁ ሰዎች መወደድ የፈለገችው ተለወጠች፤ ልቧ ቤቷ የቀረው ብዙም አልተነቃነቀችም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ሲጠይቃቸው አብዛኞቹ ኮሌጅ ውስጥ የያዙትን አልለቀቁም ነበር። ለዚህ ነው ጥያቄሽን የማላቃልለው። አሁን በማን ዓይን ራስሽን እንደምታዪ መምረጥሽ ከምረቃ በኋላም አብሮሽ ይሄዳል።

ስለ ማንነት ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው አለ፤ ሄንሪ ታጅፌል። በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ ሲማር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲዋጋ በጀርመኖች ተማረከ። ምርኮኛ ሆኖ ዓመታት ያሳለፈው እንደ ፈረንሳዊ ተቆጥሮ ነው። የፖላንድ አይሁዳዊ መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ ይገደል እንደነበር ያውቅ ነበር። ከእስር ወጥቶ ሲመለስ ቤተሰቡ አልቀው ጠበቁት። የእሱ ጠባይ፣ ዕውቀት፣ ደግነት ለውጥ አላመጣም። ሞትና ሕይወትን የለየው በየትኛው ቡድን ውስጥ ተመዘገበ የሚለው ብቻ ነበር። በኋላ እንግሊዝ አገር ሆኖ ሰው ለምን በቡድን እንደሚያስብ ሲመረምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪ ልጆችን እዚህ ግባ በማይባል ነገር ሁለት ቦታ ከፈላቸው፤ ለምሳሌ የትኛውን ሥዕል ወደድክ በሚል። ልጆቹ ማን የእነሱ ቡድን እንደሆነ እንኳ በስም አያውቁም። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ግን ለ«እኛ» አደሉ። በሥዕል ምርጫ ይህ ከሆነ፣ ሃይማኖትና አገር ሲመጣማ አስቢው። የጠየቀሽ ልጅ ክፉ ላይሆን ይችላል። አእምሮው «እኛ» የሚለውን ክብ ሲስል አንቺን መስመሩ ላይ አስቀመጠሽ፤ ከዚያ ግቢ ወይስ ውጪ ለማለት ጠየቀ። ይቅርታ ይገባዋል ማለቴ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሙስሊም ብዙኃን በሆነበት አገር የሚማር ልጅም ከዚህ አያመልጥም። እዚያ ጥያቄው ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል፦ «ኡማው (የሙስሊሞች ማኅበረሰብ) ወይስ ብሔርህ?»፣ «ቋንቋህ ወይስ ዲንህ?»። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

አሁን ያልሽውን ሳይሆን በደብዳቤሽ ውስጥ አልፈሽው የሄድሽውን ላንሳ። እናትሽ።

«አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።» እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆርጠሽ የዲን የሆነውን በአንድ በኩል፣ የአገር የሆነውን በሌላ በኩል አስቀምጪልኝ። አትችዪም። እናትሽ አገሯን የምትወደው በዱዓ ነው። ዱዓዋም አዲስ አይደለም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) «ጌታዬ ሆይ፣ ይህን አገር ሰላማዊ አድርገው» ብለው መለመናቸው በቁርኣን በስማቸው በተሰየመው ሱራ፣ በ35ኛው አንቀጽ ላይ አለ። እናትሽ ይህን አስባው ይሁን ሳታስበው አላውቅም። ግን ያ ልጅ እሷን «መጀመሪያ ምንድን ነዎት?» ቢላት ምን ትመልስለት ነበር? ይመስለኛል መጀመሪያ «ልጄ፣ ምን ማለትህ ነው?» ነው የምትለው።

ሶኒያ ሮካስ እና ማሪሊን ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2002 የጻፉት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው ብዙ ቡድን ውስጥ አለ። ጥያቄው ቡድኖቹን በጭንቅላቱ ውስጥ እንዴት አስቀምጧቸዋል የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው ክቦቹን ሁሉ አንድ ላይ ይደርባቸዋል፤ «የእኛ አገር ሰው ማለት የእኔ ሃይማኖት ያለው ነው» ይላል። ለእሱ ሌላ እምነት ያለው ሁሉ ግማሽ እንግዳ ነው። ሌላው ደግሞ ክቦቹ በከፊል እንደሚገናኙና በከፊል እንደሚለያዩ ያያል። አገሬ ውስጥ የእኔ እምነት የሌላቸው አሉ፤ እምነቴ ውስጥ የእኔ አገር ያልሆኑ አሉ፤ ሁለቱም ግን የእኔ ናቸው። እንዲህ የሚያዩ ሰዎች ለሌላው ይበልጥ ቻይ ሆነው ተገኝተዋል። አየሽ፣ ያ ልጅና ስታተስሽን የተቸችው እህት የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚያስቡት አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ ክብ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሁለት ክብ ይዘሽ በመሀላቸው ስለቆምሽ ውሸታም የሆንሽ መሰለሽ።

ልጅቷ ስላለችው «ዐሰቢያ» አንድ ነገር ልበል፤ ዝርዝሩን ከምታምኛቸው ዑለማ ጠይቂ። የተነቀፈው ወገኔ ነው ብሎ ለበደል መቆም፣ በዘር መኩራራት፣ ሌላውን መናቅ ነው። አገርን መናፈቅ ግን ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ላይም ታይቷል። ወደ መዲና የተሰደዱ ጊዜ ብዙዎቹ ትኩሳት ያዛቸው። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያወሩትን ሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግበውታል። ቢላል አል-ሐበሺ ትኩሳቱ ሲለቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንጎራጉር ነበር፤ ኢዝኺርና ጀሊል በከበቡት ሸለቆ አንዲት ሌሊት ዳግም አድር ይሆን ወይ እያለ። ኢዝኺርና ጀሊል የመካ ሣሮች ናቸው። ይህ ሰው እዚያው መካ ውስጥ፣ በዲኑ ምክንያት፣ በጋለ አሸዋ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ሰው ነው። የናፈቀው ግን የዚያችኑ ከተማ ሣር ነው። ስሙ ደግሞ ሌላ አገር ተሸክሟል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ዱዓ አደረጉ፦ «አላህ ሆይ፣ መካን እንደምንወዳት መዲናንም አስወድደን፤ ወይም ከዚያ አብልጠህ።» ልብ በዪ፤ የመካን ፍቅር አውጣልን አላሉም። ሁለተኛ ፍቅር ጨምርልን ነው ያሉት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ብዙ አላዝዝሽም።

ለልጁ ወይም እሱን ለሚመስል ሰው የምትመልሺውን አስቀድመሽ አዘጋጂ፤ አጭር ይሁን። «አንተስ?» ብቻ በቂ ነው። ወይም «ለምን እኔን ብቻ ጠየቅከኝ?»። ሳትቆጪ፣ ፈገግ ብለሽ። ያኔ ማብራሪያ የመስጠት ተራው የእሱ ይሆናል። ትምህርት ልስጥህ ብለሽ ግን እንዳትጀምሪ፤ ወንዝ ቆጠራ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ያንን ዝምታም እንደገና እዪው። «ሁሉም ዝም አለ» ብለሽ ፈረዱብኝ ብለሽ ተረጎምሽው። ስልኳን የነካካችው ልጅ ግን በጥያቄው አፍራ ቢሆንስ? እኔ ብሆን ስልኬን ነበር የምነካካው። ግሬጎሪ ዋልተን እና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ አዲስ ተማሪዎችን አንድ ነገር አስነበቡ፦ «የዚህ ግቢ ሰው ነኝ ወይ?» የሚለው ጥርጣሬ ሁሉም ላይ እንደሚመጣና በጊዜ እንደሚያልፍ። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ነገር ነው። ጥቁር ተማሪዎቹ ውጤታቸው በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ተሻሻለ። የሰው ፊት ሲጠቁር «በኔ ምክንያት ነው» የሚለው ትርጉም ስለቀለለላቸው ይመስላል። ከእነዚያ የቡድን ልጆች መሀል አንዷን፣ ለምሳሌ ባለ ስልኳን፣ ለብቻዋ አግኝተሽ «ያን ቀን ምን አስበሽ ነበር?» በያት። ሁለት ዓመት አለፈው አትበዪ። አንቺ ጋ አላለፈም።

ከጀመዓዋ እህት ጋርም በጽሑፍ አትከራከሪ። ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ማስረጃ ይዘሽ አትሂጂ፤ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «አንቺስ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» በያት። የምጠረጥረው ነገር አለኝ፤ «የኛ አገር ዲናችን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተዘጋ በር ነው የሚመጣው። ላይሆንም ይችላል። ከምር ያመነችበት ከሆነም መብቷ ነው፤ አንቺ ግን መስማማት የለብሽም። አብራችሁ ለመስገድ በኳስ መስማማት ግዴታ አይደለም።

ስታተሱን መልሰሽ ለጥፊ አልልሽም። አሁን ብትለጥፊው ለእሷ መልስ ይሆናል እንጂ ደስታ አይሆንም። መዝሙሩንም እንደዚያው። ለመዘመር ስትፈልጊ ዘምሪ፤ ካልፈለግሽ ዝም ብለሽ በአክብሮት ቁሚ። ከንፈር ማንቀሳቀሱን ብቻ ተዪው፤ ቀስ በቀስ የሚጎዳሽ እሱ ነው። ብርድ ልብሱ ደግሞ ሙቀት አለው፤ ዶርም ውስጥ አብራሽ ኳስ የምታይ አንዲት ልጅ ማግኘት ይሻላል።

አንድ ነገር ለሁለት ሳምንት ሞክሪ። ማስታወሻ ያዢና ማንም ሳይጠይቅሽ አገርሽ ትዝ ያለችሽን ቅጽበት ጻፊ። የምትሰሚው ቋንቋ፣ ዜና አይተሽ የደነገጥሽበት፣ ከተመረቅኩ በኋላ እዚህ ቦታ እሠራለሁ ያልሽበት፣ የተናደድሽበትም ጭምር። በአገር መናደድ ያንቺ ነው ብሎ ከማሰብ ይመጣል፤ በሰው አገር ጉድለት እንዲህ አንበግንም። አገር መውደድ አገሬ ከሁሉ ትበልጣለች ማለት እንዳልሆነም አስታውሺ፤ ተመራማሪዎችም ሁለቱን ለያይተው ነው የሚለኩት። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ጻፊልኝና እንደገና እናወራለን። ባዶ የሚሆን ግን አይመስለኝም።

እንቅልፉን ቀላል አድርገሽ አትይው። ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብና ትምህርትም ከነካ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት ካለ ሂጂ። ከሌለ ሐኪም ጋ ሂጂ። «የአገርና የሃይማኖት ጥያቄ ነው፣ አይገባቸውም» ብለሽ አትቅሪ። እንቅልፍ ማጣትን ማንም ይረዳል።

የብዕር ስምሽን ግን አልወደድኩትም። «ሁለት ልብ» ማለት ማመንታት ነው፤ ያንቺ ልብ አንድ ነው፣ የሚያመላልሱት ሰዎች ናቸው ሁለት።

እና ዛሬ ማታ ቤት ደውዪ። እናትሽ አሚን ከማለትሽ በፊት ዝም ብላ የምታዳምጥሽ ሰዓት ካላት፣ ያንን ጥያቄ እንዳለ አቅርቢላት፦ «እማ፣ አንቺ መጀመሪያ ምንድን ነሽ?» በያት። የመለሰችልሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ። በጣም ነው የጓጓሁት።